ስለቱን ያልረሳ ወታደር

ሰው በጦርነት ጭንቅ ሳለ ለእግዚአብሔር ብዙ ይሳላል፤ ጦሩ ተበትኖ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ግን ስለቱን ይረሳል። ደግሞም መሣሪያውን ካስረከበ በኋላ፥ እንግዲህ ለምን እንደሚጠቅም አጥቶ በሐዘን የሚቀመጥ ብዙ ነው። ስለዚህ ከጭፍራነት ተሰናብቶ ሥራውን ስላገኘ ስለ አባ ጳኵሚስ ጥቂት እንናገራለን።

ጳኵሚስ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ292 ዓ.ም. ገደማ በላይኛው ግብጽ፥ ጣዖት ከሚያመልኩ ወላጆች ተወለደ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ያህል ሲሆን የሮም ቄሣሮች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበርና ሳይወድ በግድ ለጭፍራነት ተያዘ። ምልምሎቹንም በጀልባ በዓባይ ወንዝ አወረዱአቸው፤ እንዳይሸሹም ዛሬ ሉቅሶር በምትባለው ከተማ በወህኒ ቈለፉባቸው። በመሸ ጊዜ ከከተማው ሰዎች አንዳንዶቹ መብልና መጠጥ ይዘውላቸው መጡ። ጳኵሚስም የማያውቁትን ሰው የሚመግቡ እነዚህ እነማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ፥ ክርስቲያኖች መሆናቸውን ነገሩት። በዚያች ሌሊት፥ ከዚህ መከራ ቢወጣ በዕድሜው ሁሉ ሰውን ሊያገለግል ለእግዚአብሔር ተሳለ።

በ313 ዓ.ም. ጦርነቱ አልቆ ጭፍሮቹ ተሰናበቱ። እርሱም ሸኔሴት ወደምትባል መንደር ሄዶ ተጠመቀ፤ በዚያም ድኆችን ይረዳ፥ ቸነፈር በገባ ጊዜም ሕመምተኞችን ያስታምም ነበር። ከዚህም በኋላ አባ ጰላሞን ከሚባል ባሕታዊ ዘንድ ሰባት ዓመት ያህል ተማረ።

መጀመሪያ ወደ እርሱ የተሰበሰቡትን ደቀ መዛሙርት ስለቱን አስቦ ምግባቸውን እያበሰለ እንደ ባሪያ አገለገላቸው። እነርሱ ግን ትሕትናውን እንደ ድካም ቈጥረው ናቁት፤ እርሱም ብዙ ታግሦ በመጨረሻ አሰናበታቸው። አገልግሎት ያለ ሥርዐት እንደማይጸና በዚህ ተማረ። ስለዚህ በዓባይ ዳር በታቤንሲ ያቆመውን ማኅበር በየቤቱ ከፍሎ ለየቤቱ አለቃ ሾመለት፤ ሰሌን የሚሠራውም፥ ሸማ የሚሠራውም፥ የሚያርሰውም በአንድ ማዕድ እንዲበላ፥ ማንበብ የማይችለውም እንዲማር አደረገ። በጭፍራነቱ የቀመሰው መታዘዝና የጋራ ኑሮ ለዚህ ሳይጠቅመው አልቀረም።

በ346 ዓ.ም. ግንቦት 14 ቀን በቸነፈር ሲሞት ዘጠኝ የወንዶች ገዳማት በእርሱ ሥርዐት ይተዳደሩ ነበር። ሥርዐቱም ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ ወደ አገራችን ደርሷል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምንጽፈው ሁሉ ወደ ገዳም ይግባ ለማለት አይደለም። ከዘመቻ የተመለስህ ብትሆን፥ በጭንቅህ ቀን የተሳልኸውን አስብ፤ በሰፈር የተማርኸው ትጋትና መታዘዝ ለጎረቤትህ ጥቅም ሊውል ይችላል። ያልዘመትህም ብትሆን፥ በዚያች ምሽት መብል ይዘው የመጡትን አስብ። ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ዳሩ ግን የአንድ ወታደር ሕይወት የተለወጠው ከእነርሱ እጅ በበላው ራት ነው።