የማይነኩትን የነኩ እጆች፦ የዶክተር ፖል ብራንድ ሕይወት



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ጌታችን ከተራራው ሲወርድ አንድ ለምጻም ቀርቦ እንደ ሰገደለት እናነባለን። ጌታ በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር። በዚያው ምዕራፍ የመቶ አለቃውን ብላቴና በሩቅ ሳለ በቃሉ ብቻ ፈውሶታልና። ይህን ሰው ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ለምን ይመስላችኋል? ያ ሰው ከመንጻቱ ባላነሰ የሰው እጅ ይናፍቅ ስለ ነበር ነው ብዬ አምናለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የተባለው ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞችን የሚያጠቃልል ቃል ቢሆንም፣ ሕመሙ የሚያመጣው መገለል ግን ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለው ከሚያመጣው አይለይም። ይህን የጌታን ዳሰሳ ዕድሜውን ሙሉ ሥራው ያደረገ አንድ ሐኪም ነበር። ዛሬ የእርሱን ታሪክ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

የተራራው ልጅ

ፖል ብራንድ በ1914 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ሕንድ ኮሊ በሚባሉ ተራሮች ላይ ተወለደ። አባቱ ጄሲና እናቱ ኤቭሊን ከእንግሊዝ የሄዱ የባፕቲስት ሚስዮናውያን ነበሩ። ወባ በበዛበት በዚያ ተራራ ወንጌልን ይሰብኩ፣ ሕሙማንን ይረዱ፣ ሕፃናትን ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው ግን ሕክምናን አልወደደም፤ ደምና መግል ማየት ያስጠላው ነበር። አንድ ቀን ሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች ወደ አባቱ መጡ። አባቱ ጓንት አድርጎ የእግራቸውን ቁስል አጠበላቸው፣ በፋሻም ሸፈነላቸው፤ ልጆቹ ግን እንዳይቀርቡ ተከለከሉ። ይህ ትዝታ ከልጁ ልብ አልጠፋም።

ፖል በ9 ዓመቱ ለትምህርት ከእህቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። በ1929 አባቱ ከወባ ጋር በተያያዘ ትኩሳት በተራራው ላይ እንዳለ ሞተ። የሞቱ ዜና በቴሌግራም ቶሎ ሲደርስ፣ አባቱ ቀደም ብሎ የጻፈለት ደብዳቤ ግን በመርከብ ስለ ተላከ ከመርዶው በኋላ ደረሰው። እናቱ ወደ ተራሮቹ ተመለሰች። ከሚስዮኑ በጡረታ ከተሰናበተች በኋላ እንኳ እነዚያን ሰዎች አልተወችም፤ በ1974 በ95 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ በሕንድ ቆየች።

ወጣቱ ፖል ሚስዮናዊ ለመሆን ቢፈልግም ሐኪም መሆን ግን አላሰበም። ግንበኝነትና አናጢነት ተምሮ ለዓመታት በሙያው ሠራ። በኋላ ለሚስዮናውያን በሚሰጥ የአንድ ዓመት የሕክምና ኮርስ ላይ ሳለ፣ ደሟ አልቆ ልትሞት የደረሰች ሴት ደም ተሰጥቷት ነፍሷ ስትመለስ አየ። ያን ቀን ልቡ ተለወጠ። በለንደን ሕክምና አጠና፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ የቆሰሉትን እያከመ የቀዶ ሕክምና ሙያን ተማረ። በ1943 አብራው የሕክምና ትምህርት የተማረችውን ማርጋሬት ቤሪን አገባ። የግንበኝነቱ ዓመታትም አልባከኑም፤ እግዚአብሔር እነዚያን እጆች ያዘጋጃቸው ለሌላ ዓይነት ግንባታ ነበርና።

አንድ እጅ መጨበጥ

ዶክተር ብራንድ በ1946 በሕንድ ወደሚገኘው የቬሎር ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ ሄዱ። በ1947 የሥጋ ደዌ ስፔሻሊስት የሆኑት ዶክተር ሮበርት ኮክሬን በማድራስ አቅራቢያ በቺንግልፑት ያለውን የሥጋ ደዌ ማከሚያ አስጎበኟቸው። በዚያ በመቶ የሚቆጠሩ የታጠፉና የደነዘዙ እጆች ተመለከቱ። ታዲያ እጅን የሚያክም ቀዶ ሐኪም ይህን ያላጠናው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ብዙዎች በሥጋ ደዌ ሥጋ በራሱ ይበሰብሳል ብለው ያምኑ ስለ ነበር ማንም ደክሞበት አያውቅም።

ዶክተር ብራንድ ጣቶቹ እንደ ንስር ጥፍር ወደ ታጠፉ አንድ ታማሚ ቀርበው እጃቸውን እንዲጨብጥ ነገሩት። ሰውዬው ሲጨብጣቸው ግን ከሕመም የተነሣ ሊጮኹ ደረሱ። ያ የሞተ የመሰለ እጅ ብርቱ ኃይል ነበረው! እንግዲህ ጡንቻው ሁሉ አልሞተም ማለት ነው። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ባሉ የአካል ክፍሎች ያሉ፣ ለቆዳ ቅርብ የሆኑ ነርቮችን ያጠቃል። ስለዚህ በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ሲሽመደመዱ የክንድ ጡንቻዎች ጤነኛ ሆነው ይቀራሉ። ታዲያ ከጤነኛው ጡንቻ አንዱን ጅማት ወስዶ፣ ሰንጥቆ፣ ወደ ሽባዎቹ ጣቶች ማዛወር ለምን አይቻልም?

በ1948 የመጀመሪያው ኦፕሬሽን ተደረገ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ሌሎች ታማሚዎች ይሸሻሉ ተብሎ ስለ ተፈራ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን አልጋ ማግኘት እንኳ አስቸጋሪ ነበር። ቢሆንም አንድ እጅ ተከፈተ፤ ከዚያም ሁለት፣ ከዚያም ብዙ መቶዎች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሥራ

የተወደዳችሁ፣ ስለ ቀዶ ሐኪም ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናስበው ቢላዋውን ነው። ዶክተር ብራንድ ግን ኦፕሬሽኑ የሥራው ጅማሬ እንጂ ፍጻሜ እንዳልሆነ ቶሎ ተረዱ። ጅማቱ የተዛወረለት እጅ ለሦስት ሳምንት ያህል በጀሶ ይታሰራል። ጀሶው ሲፈታ አእምሮ አዲስ ትምህርት መማር አለበት፤ ትናንት ሌላ ሥራ ይሠራ የነበረው ጡንቻ ዛሬ ጣት እንዲያንቀሳቅስ ታዝዟልና። ይህን በትዕግሥት ቀን በቀን የሚያስተምሩት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ነርሶች ናቸው።

ደግሞም አስቡት። ሌላ ታማሚ ጀሶው ቢጠብቀው ይጮኻል፤ ውኃው ቢያቃጥለው እጁን ይሰበስባል። ሥጋ ደዌ ያደነዘዘው ሰው ግን ምንም አይሰማውም። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ዝም ይላል፤ ጫማው ቢልጠው እየሳቀ ይራመዳል። ስለዚህ ነርሷ ለእርሱ ሕመም ሆና ትቆምለታለች። ጣቶቹ እንዳይጠቁሩ ታያለች፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ በውኃ ዘፍዝፋ በቅባት ታሻለች፣ በየቀኑ የእግሩን መርገጫ ገልብጣ ትመረምራለች፣ እርሱም ራሱን እንዲመረምር ታስተምረዋለች። በእግር ላይ ለዓመታት ያልዳነ ቁስል በጀሶ ተሸፍኖ ዕረፍት ሲያገኝ እንደሚድንም በቬሎር ታየ። ለሕሙማኑም እግርን የማይጎዳ ለስላሳ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ተሠራላቸው።

ፊትም ተረስቶ አልቀረም። ቅንድቡ የረገፈ ሰው በየመንገዱ ይታወቃልና፣ ጸጉር ያለበት የራስ ቆዳ ከነደም ሥሩ ወደ ቅንድቡ ቦታ ይዛወርለት ነበር። ጸጉሩ እንደ ራስ ጸጉር ስለሚያድግ መከርከም ያስፈልገዋል! ዶክተር ማርጋሬት ደግሞ የዓይን ሐኪም ሆና፣ መክደን ያቃታቸውን ዓይኖች ለማዳን ከማኘኪያው ጡንቻ ቁራጭ ወደ ዓይን ቆብ የማዛወርን ዘዴ ትጠቀም ነበር። እንዲህ የታከመ ሰው ዓይኑን ለመጨፈን መንጋጋውን መግጠም አለበት። ይህም ልምምድ ይጠይቃል፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስታውሰው ሰውም ያስፈልገዋል።

ከዚህ በላይ የሚደንቅ ነገር ልንገራችሁ። እጃቸው የተስተካከለላቸው አንዳንዶች ተመልሰው መጥተው አዘኑ። ድሮ በታጠፈው እጃቸው ይለምኑ ነበር፤ አሁን ማን ይመጸውታቸዋል? የሥጋ ደዌ ምልክት ስላለባቸው ደግሞ ሥራ የሚሰጣቸው የለም። እጅ ተጠግኖ ሰው ሳይጠገን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ በ1951 አዲስ ሕይወት የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው መንደር ተመሠረተ። በዚያ የታከሙት ሰዎች የእጅ ሙያ ይማሩ ጀመር፤ የድሮው አናጢ ዶክተር ብራንድም ሙያቸውን አካፈሏቸው።

ሕመም የተባለ ስጦታ

ጣቶች የሚያጥሩት ለምንድን ነው? አንድ ቀን ዶክተር ብራንድ የዛገ ቁልፍ መክፈት አቅቷቸው ሲታገሉ አንድ ልጅ መጥቶ በቀላሉ ከፈተላቸው። ጣቱን ሲያዩት ግን እስከ አጥንቱ ተቆርጦ ደም ይፈስ ነበር፤ ልጁ አልተሰማውም። ሌሊት ተኝተው ጣታቸውን ያጡም ነበሩ። ሲጠበቅ አይጥ መጥቶ እንደሚበላቸው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቱ የሚመለስ ታማሚ ድመት ይሰጠው ጀመር። ሥጋን የሚያጠፋው በሽታው ራሱ ሳይሆን፣ ሕመም ባለመሰማቱ በየቀኑ የሚደርሰው ጉዳትና የሚከተለው ማመርቀዝ እንደ ሆነ ተረዱ።

ይህን እውነት በራሳቸው አካልም ቀመሱት። ከረጅም ጉዞ በኋላ ለንደን ደርሰው ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው ደንዝዞ አገኙት። በመርፌ ወጉት፤ ምንም አልተሰማቸውም። ሥጋ ደዌ ያዘኝ ብለው ያን ሌሊት በጭንቀት አሳለፉት፤ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን፣ የሚጠብቃቸውንም መገለል እያሰቡ ነጋ። ጠዋት ደግመው ሲወጉት ከሕመሙ የተነሣ ጮኹ! ለካ በባቡር ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ነርቩ ተጭኖ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሕመም እግዚአብሔርን ያመሰግኑ ነበር።

በትከሻ ላይ ያረፈ እጅ

በቬሎር አንድ ወጣት ታማሚ ሲመረምሩ፣ ስለሚሰጠው ሕክምና በአስተርጓሚ እያስረዱት እጃቸውን በትከሻው ላይ አሳረፉ። ወጣቱ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ያስቀየምሁት ነገር አለን ብለው አስተርጓሚዋን ጠየቁ። እርሷም ጠይቃው፣ ወደዚህ እስኪመጣ ድረስ ለዓመታት ማንም ሰው ነክቶት ስለማያውቅ እንደሚያለቅስ ነገረቻቸው። ያን ቀን ቢላዋ አልተነሣም፣ መድኃኒትም አልተሰጠም፤ ፈውስ ግን ተጀመረ።

በሌላ ጊዜ ሕሙማኑ በተሰበሰቡበት እንዲናገሩ ሲጠየቁ ስለ ክርስቶስ እጆች ነገሯቸው። ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ ትናንሽ እጆች፣ ስለ አናጢው ሻካራ እጆች፣ ስለ ፈዋሹ እጆች፣ ስለ ተቸነከሩትም እጆች ተናገሩ። በመጨረሻም ጌታ ከሙታን ከተነሣ በኋላ እንኳ የችንካሩን ምልክት ይዞ መነሣቱን አሳሰቧቸው። ጣት የጎደላቸው ሰዎች ይደብቋቸው የነበሩትን እጆቻቸውን በክብር ከፍ አደረጉ።

ወደ አገራችን የደረሰው ፍሬ

ዶክተር ብራንድ ለሥራቸው በ1960 የአልበርት ላስከር ሽልማትን አገኙ። በ1966 ወደ አሜሪካ ሄደው ሉዊዚያና ውስጥ በካርቪል በሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ለ20 ዓመታት ሠሩ። ከሥጋ ደዌ የተማሩት የእግር እንክብካቤ እግራቸው ለሚደነዝዝ የስኳር ሕሙማንም ጠቀመ። በ2003 በሲያትል ከተማ በ88 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሩቅ ሰው አይደሉም። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በ1965 የተመሠረተው፣ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ሠልጣኞችን ሲያፈራ የኖረው አለርት ሲታሰብ ከዋና ጠንሳሾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በዚያ ደጅ ስታልፉ ይህን አስታውሱ።

እኛስ?

ውድ ወገኖች፣ ሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ፈጽሞ ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። በአገራችን አሁንም በየዓመቱ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ። ከበሽታው ድነው ምልክቱ ስለቀረባቸው ብቻ የሚሸሹ ብዙዎች ናቸው። በእሳት ፊታቸው የተጎዳ፣ ኦፕሬሽን ላይ ኦፕሬሽን የሚጠብቃቸውም በመካከላችን አሉ። ሐኪሙ የሚችለውን ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኔና የእናንተ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 አንድ ብልት ሲሠቃይ ብልቶች ሁሉ አብረው እንደሚሠቃዩ ያስተምረናል። እንግዲህ የወንድሟ ሕመም የማይሰማት ቤተ ክርስቲያን ምን ልትባል ነው? ደንዝዛለች ማለት ነው! የደነዘዘ አካል ደግሞ እየሳቀ ጣቶቹን ያጣል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የሰውን ሕመም ስድብ አድርጎ የሚጠራ ቃል ከአፋችሁ አርቁ። ፊቱ የተጎዳ ሰው በጉባኤ አጠገባችሁ ሲቀመጥ ፈቀቅ አትበሉ፤ እጁን ጨብጡ፣ ዓይኑን እያያችሁ ሰላም በሉት። ሆስፒታል ስትጠይቁ ስለ መልኩ አታውሩ፤ ተቀመጡ፣ አጉርሱት፣ ጸልዩለት፤ በሦስተኛው ሳምንትም ሌላው ሁሉ ሲረሳው እናንተ ተመለሱ። በየጉባኤያችን ያላችሁ ነርሶች ሆይ፣ የምታጥቡት ቁስልና የምትቀይሩት ፋሻ በጌታ ፊት አገልግሎት ነውና አትታክቱ። ሥራ ያላችሁም ለታከመው ሰው ሥራ ስጡት፤ የቬሎሩን ለማኝ ኀዘን አስቡ።

እጁን ዘርግቶ ለምጻሙን የዳሰሰው ጌታ ዛሬም እጆቹን ይዘረጋል። የሚዘረጋውም በእኛ እጆች ነው። ጌታ ይርዳን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።