የጨርቅ ነጋዴው ሌቨንሁክ

በአዲስ አበባ በመርካቶ የጨርቅ ነጋዴ ጨርቁን በጣቱ ይዳብሳል፤ ወደ ብርሃንም አንሥቶ ድሩ የጠበቀ ወይም የሳሳ እንደ ሆነ ያያል። ከብዙ ዘመን በፊት በሆላንድ አገር እንዲህ የሚያደርግ አንድ ነጋዴ ነበረ፤ ስሙም አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። የዚያ አገር ጨርቅ ነጋዴዎች ክሩን ለመቍጠር ትንሽ አጕልቶ የሚያሳይ መስተዋት ይይዙ ነበረ።

ሌቨንሁክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1632 ዓመተ ምሕረት ዴልፍት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ነበረ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ሄዶ የጨርቅ ንግድ ተማረ። በ1654 ወደ ዴልፍት ተመልሶ ሚስት አገባ፥ የራሱንም ሱቅ ከፈተ። ከአምስት ልጆቹ አራቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ያደገችለት ማርያ ብቻ ናት። ከፍ ካለ ትምህርት ቤት አልገባም፤ በዚያ ዘመን የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲንንም አያውቅም።

ነገር ግን ማየት ይወድ ነበረ። ከምስር ፍሬ የሚያንስ መስተዋት በእጁ እየፈተገ፥ በብረት መካከል እያስገባ፥ በዕድሜው ከ500 የሚበልጥ ሠራ። ከእነዚያ እስከ ዛሬ ከቀሩት አንዱ ነገሩን ከ200 ጊዜ በላይ አጕልቶ ያሳያል። መልካም የሆነውን የማየት ዘዴውን ግን ለማንም አልገለጠም፤ በዚህስ አላመሰግነውም።

በ1676 ቍንዶ በርበሬ የሚያቃጥልበትን ምክንያት ለማወቅ ፈልጎ በውኃ ዘፈዘፈው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከውኃው ጠብታ ወስዶ ቢመለከት፥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ነፍሳት ሲዋኙ አየ። የፈለገውን አላገኘም፤ ያልፈለገውን ትልቅ ነገር አገኘ። እኔም በመርካቶ በቅመም ሻጮች አጠገብ ባለፍሁ ቍጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል። ያየውን ለሎንዶን ሊቃውንት ጻፈላቸው፤ እነርሱ ግን ተጠራጠሩ። በ1677 ሮበርት ሁክ የሚባል ሊቅ ራሱ ሞክሮ አየና እውነት መሆኑን መሰከረለት። በ1680 ጨርቅ ነጋዴው የሎንዶን የሊቃውንት ማኅበር አባል ሆነ።

ልጆች ሆይ፥ አሁን ስለ ጥርሱ እነግራችኋለሁ። ሌቨንሁክ ጥርሱን በየጥዋቱ በጨው ይፈትግ፥ በእንጨት ይጐረጕር፥ በጨርቅም ይወለውል ነበረ። ይህን ሁሉ እያደረገ በጥርሱ መካከል እንደ ሊጥ ያለ ነጭ ነገር ይቀራል። በ1683 ይህን ነጭ ነገር ከንጹሕ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ቢያየው በነፍሳት የተሞላ ሆኖ አገኘው። ሊገድላቸውም ፈልጎ ብርቱ የወይን ኮምጣጤ በአፉ ይዞ ተጕመጠመጠ። ከዚያ በኋላ ቢያይ ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ። ነጩን ነገር አውጥቶ በምራቅ ከበተነ በኋላ ጥቂት ኮምጣጤ ሲጨምርበት ግን ወዲያው ሞቱ። ስለዚህ ኮምጣጤው በላይ ያሉትን ብቻ እንደሚገድል፥ ወደ ውስጥ ግን እንደማይገባ ተረዳ።

እነዚህ ነፍሳት ዛሬ ባክቴሪያ ይባላሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሽታ እንደሚያመጡ እርሱ አላወቀም፤ ይህን ሌሎች ሊቃውንት ከ150 ዓመት በላይ ቈይተው አስረዱ። ባክቴሪያ በዕቃ ላይ ሲቀመጥ የሚያልመዘምዝ ነገር ያወጣል፥ በዚያም ውስጥ እንደ ምሽግ ይሸሸጋል። ሊቃውንት ይህን ባዮፊልም ይሉታል። በውኃ ጄሪካን ውስጥ እጃችሁን ብትሰዱ የሚያሟልጫችሁ፥ በሥጋ መክተፊያም ስንጥቅ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በረኪና ብታፈስሱበት የላዩን ይገድላል፤ ቆሻሻው ግን የበረኪናውን ኃይል ስለሚጨርሰው የታችኛው ይተርፋል። ስለዚህ አስቀድሞ በሳሙናና በውኃ መፈተግ፥ ማለቅለቅ፥ ከዚያም በረኪናውን በልክ በውኃ በጥብጦ ጥቂት ደቂቃ ማቈየት ይገባል። እናቶቻችንም የጠላውን ጋን አስቀድመው በግራዋ ቅጠል ያጥቡታል፤ በወይራ የሚያጥኑት ከታጠበ በኋላ ነው። ሳይታጠብ ጢስ የሚያገባ ባለሙያ ሴት አላየሁም።

ሌቨንሁክ ሸምግሎም ጥርሱን ማየት አልተወም። በ1692 ከፊት ጥርሱ ቢወስድ ሕይወት ያለው ነገር አጣ። ምክንያቱን ሲመረምር፥ በየጥዋቱ የሚጠጣው ቡና እስኪያልበው ድረስ የፈላ መሆኑን አሰበ። ከመንጋጋው ወስዶ ቢያይ ግን፥ ትኵሱ ቡና ከማይደርስበት ስፍራ፥ እነዚያው ነፍሳት ይንቀሳቀሱ ነበረ።

በ1723 በ90 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜውም መሠረት 26 የብር ማጕያዎች በሣጥን ሆነው ለሎንዶን ማኅበር ተላኩ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ሣጥኑ ጠፋ፥ እስከ ዛሬም አልተገኘም።