ቁስሉ ሳይድን ሕሙማንን ያስታመመው ካሚሎ

ቶሎ አልድን ያለ የእግር ቁስል ካለብዎት ወይም እንዲህ የታመመ ሰው የሚያስታምሙ ከሆነ፣ የካሚሎ ደ ሌሊስ ሕይወት ሩቅ አይሆንብዎትም።

ካሚሎ እ.ኤ.አ. በ1550 ጣሊያን ውስጥ ቡኪያኒኮ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቁመተ ረጅም፣ ቁጡና ቁማርተኛ ወታደር ነበር። እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልሽር ቢለው በ1571 ሮም ወደሚገኘው ሳን ጃኮሞ ሆስፒታል ሄደ። ሆስፒታሉ አይድኑም የተባሉ ሕሙማን የሚገቡበት ነበር። እየታከመ እንዲያገለግል ቢቀጠርም በጠበኛነቱ ተባረረ።

ከዚያ እንደገና ውትድርና፣ እንደገና ቁማር። ያለውን ሁሉ ተበልቶ በ1575 ማንፍሬዶኒያ ላይ የካፑቺን መነኮሳት በሚያሠሩት ግንባታ የጉልበት ሠራተኛ ሆነ። ልቡ የተመለሰው እዚያ ነው። ሊመነኩስ ቢፈልግም ቁስሉ እያመረቀዘ አላስቀመጠውም፤ ከገዳሙ ተሰናበተ። የት ይሂድ? ወደዚያው ወደ ተባረረበት ሆስፒታል ተመለሰ።

በዚህኛው ጊዜ ጠንካራ ሠራተኛ ሆኖ እስከ ኃላፊነት ደረሰ። በዚያ ዘመን አስታማሚዎቹ ለደመወዝ ብቻ የሚሠሩ ነበሩና ብዙ ሕሙማን ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። ካሚሎ ይህን የሚያውቀው ከወሬ አይደለም፤ እዚያው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው። ማኅበሩን ያስጀመረው ከምንም በላይ ይህ ይመስለኛል። በ1582 ሕመምተኛን ለፍቅር ብለው የሚያገለግሉ ሰዎችን ለማሰባሰብ አሰበ። በ1584 ቅስና ተቀበለ። በ1586 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስተስ 5ኛ ማኅበሩን አጸደቁ፤ አባላቱም በጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ቀይ መስቀል እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። በ1591 ሙሉ የመነኮሳት ማኅበር ሆኑ።

ከሌሎች መነኮሳት የሚለዩበት አንድ ተጨማሪ ቃል ኪዳን አላቸው፦ ለሕይወት አስጊ ቢሆን እንኳ ሕሙማንን ማገልገል። ቃል ብቻ አልነበረም። ኔፕልስ ወደብ ላይ ወረርሽኝ የገባባቸውን መርከቦች ሕሙማን ሲያስታምሙ ሁለት ወንድሞች ሞተዋል። በ1598 የቲቤር ወንዝ ሮምን ሲያጥለቀልቅ ካሚሎ የሳንቶ ስፒሪቶ ሆስፒታል ሕሙማንን እየተሸከመ ወደ ፎቅ አወጣ፤ ያውም በዚያ እግሩ!

(እርስዎ ግን እንደ እሱ አይቻሉት። ሳምንታት ያለፈው ቁስል በተለይ ስኳር ካለብዎት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ያኔ ያልነበረ ሕክምና ዛሬ አለ።)

በመጨረሻዎቹ ዓመታት መራመድ ሲያቅተው ከአልጋ ወደ አልጋ እየተሳበ ሕሙማንን ይጎበኝ ነበር። ሐምሌ 14 ቀን 1614 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሲያርፍ ያ ቁስል አሁንም አልዳነም ነበር።