አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (1854–1916 እ.ኤ.አ.) ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ዳግማዊ ምኒልክን ያገለገለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ይበልጥ የሚታወቀው በባቡር ሐዲድ ሥራና በአማካሪነቱ ነው። የንጉሡን አመኔታ ያገኘው ግን በእጁ በሠራው አንድ ጠመንጃ እንደሆነ ይተረካል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ኢልግ በ1854 ፍራውንፌልድ በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለደ። የምህንድስና ትምህርቱን በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ፈጸመ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አውሮፓዊ መሐንዲስ ሲያፈላልጉ ጥሪውን ተቀብሎ፣ ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1879 አንኮበር ገባ።

ጠመንጃው

እንደሚተረከው ንጉሡ ኢልግን መጀመሪያ ጫማ እንዲሰፋ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ከውጭ መግዛቱ እንደሚረክስ ቢያስረዳም ምኒልክ በትእዛዛቸው ጸኑ። ኢልግም ሠርቶ አቀረበ፤ ንጉሡም በሥራው ተደሰቱ።

ትእዛዙ ቀላል አልነበረም። የጠመንጃ በርሜል የሚሠራው ረጅም የብረት ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሰርሰር ነው። መሰርሰሪያው ወደ ውስጥ በጠለቀ ቁጥር ከመሐል መስመሩ ይሸሻል። የአፈሙዙ ጫፍም ለቀዳዳው መስመር ትክክለኛ ማዕዘን ሠርቶ መቆረጥ አለበት። ካልሆነ ጥይቱ ሲወጣ የባሩዱ ጋዝ በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ከዒላማው ያስተዋል። ዛሬም በቶርኖ ላይ አፈሙዝ የሚያስተካክል ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው ይህንኑ ነው።

አንድ ጠመንጃ በትዕግሥት በእጅ ይሠራል፤ ሠራዊት ለማስታጠቅ ግን ፋብሪካ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምኒልክ ሠራዊት የታጠቀው ጠመንጃ በአብዛኛው በባሕር በኩል ከውጭ የገባ ነበር። በ1887 ጠመንጃ ይዘው ወደ ሸዋ ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ሲሆን፣ በኋላ ከኢልግ ጋር ይጻጻፍ ነበር። በ1896 በዓድዋ ድል ያደረገው ሠራዊትም ብዙ ጠመንጃ የታጠቀው በዚሁ መንገድ ነበር።

የኋላ ዘመኑ

ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥትም በቧንቧ ውኃ አስገባ። በ1894 ከጅቡቲ ለሚነሣው የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተሰጠው፤ በ1897 ደግሞ የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ አገኘ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ኢልግ በ1907 ሥራውን ለቀቀ፤ በጃንዋሪ 1916ም በዙሪክ ሞተ። የደከመለት ባቡር አዲስ አበባ የገባው እሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1917 ነው።