ማሪያኔ ፕሌን፦ የወንዝ ዓሣ ሐኪም

መግቢያ

ስለ ዓሣ በሽታ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኩሬ ነው። ዓሣ በጠባብ ቦታ ሲታጨቅ ይታመማል፤ በወንዝና በሐይቅ እንደ ልቡ የሚዋኘው ግን ጤነኛ ነው ብለን እናስባለን። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ ባለሙያዎችም ስለ አንድ ገዳይ በሽታ እንዲሁ ያስቡ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ያስቀየሩት ጀርመናዊቷ ፕሮፌሰር ማሪያኔ ፕሌን ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የእኚህን ሴት ሕይወትና ሥራ እንመለከታለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ማሪያኔ ፕሌን በ1863 ሉቦቺን በምትባል የገጠር ቦታ ተወለዱ። ቦታዋ ያኔ የምዕራብ ፕራሻ ስትሆን ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው ባለ ርስት ነበሩ። ቤቱ የተማረ ቤት ነው፤ ወንድሞቻቸው ፍሪድሪክና አልበርት ሐኪሞች ሆነው በካሜሩን በወባና በሌሎች የሞቃት አገር በሽታዎች ላይ ሠርተዋል፤ እህታቸው ሮዘ ደግሞ ሠዓሊ ነበሩ።

ታዲያ ወንዶቹ በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ለሴት ልጅ በሩ ዝግ ነበር። ባቫሪያ ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት መቀበል የጀመረችው በ1903፣ ፕራሻ ደግሞ በ1908 ነው። እንግዲህ መማር የፈለገች ጀርመናዊት አገር መልቀቅ ነበረባት ማለት ነው። ፕሌንም እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ሴቶች ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ዙሪክ ሄዱ። እዚያም በኋላ ታላቅ ደራሲ ከሆኑት ከሪካርዳ ሁክና ከማሪ ባውም ጋር ተዋወቁ፤ ጓደኝነታቸውም ዘለቀ። በ1896፣ በሠላሳዎቹ እድሜያቸው መጀመሪያ፣ በባሕር ውስጥ በሚኖሩ ጠፍጣፋ ትሎች ላይ ባደረጉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

ሥራ በሙኒክ

በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ በሙኒክ ከተማ የዓሣ በሽታን የሚያጠና ጣቢያ ነበር። የሚመሩት ብሩኖ ሆፈር ሲሆኑ ፕሌን የእሳቸው ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ዋናው ጉዳይ የታመመና የሞተ ዓሣ መመርመር ነው። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ! ዓሣ ከሞተ በኋላ ቶሎ ይበሰብሳል። በማይክሮስኮፕ ከሚታዩት ባክቴሪያዎች መካከል የትኛው ገዳዩ፣ የትኛው ደግሞ ከሞተ በኋላ የገባ መሆኑን መለየት ብዙ ልምድና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌላም ችግር አለ፤ ያንኑ ዓሣ በሽታ ሳይሆን ከፋብሪካ የወጣ ቆሻሻ ገድሎት ሊሆን ይችላል።

ፕሌን በዚህ ሥራ ተካኑ። ካርፕ የተባለውን የኩሬ ዓሣ የሚያቀላውን በሽታ ያመጣል ያሉትን ባክቴሪያ ገለጹ፤ በዓሣ ደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትልንም ለሳይንስ አስተዋወቁ። በ1911 ከሙልዞቭ ጋር ሆነው ለገለጹት ጥገኛ ተሕዋስ የአለቃቸውን የሆፈርን ስም ሰጥተውታል።

የብጉንጁ በሽታ

ትልቁ ሥራቸው ግን ፉሩንኩሎሲስ በሚባለው የብጉንጅ በሽታ ላይ የሠሩት ነው። በሽታው ትራውትንና ሳልሞንን ያጠቃል። በቆዳቸው ሥር ብጉንጅ ያወጣል፤ አንዳንዴም ብጉንጁ ሳይታይ ዓሣው በድንገት ይሞታል። ባክቴሪያውን በ1894 ኤመሪክና ቫይበል በአንድ የጀርመን ዓሣ ማራቢያ ውስጥ አገኙት። ዛሬ ኤሮሞናስ ሳልሞኒሲዳ እንለዋለን፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል ሳልሞን ገዳይ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል የማራቢያ ኩሬ በሽታ ነው ሲባል ቆየ።

ፕሌን በ1909 እና በ1911 ባወጧቸው ጽሑፎች ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ አሳዩ። በሽታው በባቫሪያ ጅረቶች በነፃነት በሚኖሩ ዓሦች ላይም ነበረ። ወረርሽኙ በደቡብ ጀርመን ተዛምቶ ነበር። ይህ ግኝት ጥያቄውን ራሱን ቀየረው። በሽታው የኩሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኩሬውን ማድረቅና ማጽዳት በቂ ነበር። ወንዝ ግን አይደርቅም፣ አይጸዳም፤ የላይኛው መንደር ችግር ለታችኛው መንደር ይደርሳል።

ባክቴሪያው ሰውን ያሳምማል ተብሎ እምብዛም አይሰጋም። ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት በጓዳውና በኪሱ በኩል ነው፤ ዓሣ አስጋሪው መረቡ ባዶ ይሆናል፣ አርቢው ይከስራል፣ ወንዙም ለመራባት የደረሱትን ትልልቅ ዓሦች ያጣል።

ባቫሪያ በ1914 ለፕሌን የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጠች። በግዛቲቱ ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ልጅ ሆነው ቢሆን ኖሮ የትኛውም የባቫሪያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪነት አይመዘግባቸውም ነበር! በ1924 ደግሞ ለባለሙያዎች የሚጠቅም የዓሣ በሽታ መመርመሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1946 በባቫሪያ፣ ግራፍራት በተባለች ቦታ አረፉ።

ከእሳቸው ግኝት በኋላ

በሽታው ግን አላረፈም። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወንዞች ስለ ተዛመተ በ1929 አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የኮሚቴው ሥራም በ1937 የዓሣ በሽታ ሕግ እንዲወጣ አደረገ። በ1985 ደግሞ ከስኮትላንድ ወደ ኖርዌይ በገቡ የሳልሞን ጫጩቶች አማካይነት በሽታው ኖርዌይ ገባ። እስከ 1992 መጨረሻ ድረስ በ550 ማራቢያዎችና በ74 ወንዞች ውስጥ ተገኘ። ከማራቢያ ያመለጡ ዓሦች ወደ ወንዞቹ ሳያደርሱት እንዳልቀሩ ይታመናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዓሣ ደግሞ ሳያውቅ ይደብቃል። ባክቴሪያውን ተሸክሞ ጤነኛ መስሎ ይኖራል፤ ውኃው ሲሞቅ፣ ኦክስጂን ሲያንስ ወይም ቦታው ሲጣበብ በሽታው ይነሳበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለማራቢያ ዓሣ ጥሩ ክትባት ተገኝቷል። የወንዙን ዓሣ ግን ማን ይዞ ይከትበዋል? ለእሱ ያለው መከላከያ በሽታው ወደ ወንዙ እንዳይገባ ማድረግ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በባሌ ተራሮች ጅረቶች ያለው ትራውት የአገሩ ተወላጅ ሳይሆን ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ ዛሬም የዓሣ ጫጩት ከአንድ ቦታ ተወስዶ በሌላ ግድብና ሐይቅ ይለቀቃል። ይህ ለምግብም ለገቢም ይጠቅማልና ይቅር አንልም። ይሁን እንጂ ከባልዲው ጋር ምን አብሮ እንደሚሄድ ማየት የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ነው። ፕሌን ያደረጉትም ይኸንኑ ነው፤ ሌሎች በኩሬው ላይ ሲያተኩሩ እሳቸው ወደ ወንዙም ተመለከቱ። እኛም ዓሣውን ከመልቀቃችን በፊት ጥቂቱን ከፍተን ኩላሊቱን እንመርምር።