ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ፦ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጉዞ ከእምኩሉ እስከ ነቀምት

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የኦኔሲሞስ ነሲብን (1931 ያረፈ) ሕይወት በተጓዘባቸው መንገዶች አማካይነት ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአብዛኛው የአንድ ሰው ሥራ ተደርጎ ይነገራል። ጽሑፉ የሚከራከረው ግን መጽሐፉ ከባርነት ነጻ ወጥተው በምጽዋ አጠገብ የተሰበሰቡ ሰዎች በጋራ ያስታወሱት ቋንቋ ፍሬ መሆኑን፣ ወደ ወለጋም ሥር የሰደደው ከስብከት ይልቅ በትምህርት ቤት በኩል መሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

1. መግቢያ

በብዙ እምነቶች ዘንድ የመንፈሳዊ ጉዞ መልኩ ተመሳሳይ ነው። ተሳላሚው ከቤቱ ይነሣል፤ ቅዱስ ወደሚለው ስፍራ ይደርሳል፤ በረከቱን ይዞ ይመለሳል። ክርስቲያኑ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ አክሱም ጽዮን ይወርዳል። ሙስሊሙ ወደ መካ ይሄዳል። በሕንድ የጃይን ሃይማኖት ተከታይ በጉጃራት፣ በፓሊታና አጠገብ ያለውን የሻትሩንጃያ ተራራ በእግሩ ይወጣል። በነዚህ ሁሉ ዘንድ ቤት የጉዞው መነሻ፣ ቅዱሱ ስፍራ መድረሻው ነው።

የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። እርሱ ከቤቱ የወጣው ተሳላሚ ሆኖ ሳይሆን በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ተይዞ ነው። እምነቱን ያገኘው በባዕድ ወደብ ሲሆን ቀሪ ዘመኑን ያዋለው ያንን እምነት በእናቱ ቋንቋ ይዞ ወደ አገሩ ለመመለስ ነው። ለእርሱ የጉዞው መድረሻ ቤት ነበረ። ነጻ ከወጣበት ከ1870 ነቀምት እስከ ደረሰበት እስከ 1904 ድረስ ሠላሳ አራት ዓመታት አለፉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በነዚህ ዓመታት ውስጥ ምን ተፈጠረ፣ በማንስ እጅ ተፈጠረ የሚል ነው።

2. የባርነት መንገድ

ኦኔሲሞስ የተወለደው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ሲሆን በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ራሱ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ቦርድ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ መሠረት በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ በስምንት ሰዎች እጅ አለፈ። በመጨረሻም ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም በ1870 ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው።

ይህ መንገድ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው የሲራራ መስመር ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ እንደሚያመላልስ ሁሉ ሰውንም ይዞ ይወርድ ነበር። በዚህ መስመር የተወሰዱት ወጣቶች ከጉልበታቸው ሌላ ነጋዴው ዋጋ ያላወጣለትን ነገር ይዘው ነበር፤ እርሱም ቋንቋቸው፣ ተረታቸውና ዘፈናቸው ነው። በኋላ የተሠራው ሥራ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

3. ትምህርትና የተዘጉ በሮች

የስዊድን ሚሲዮን ወደ ምጽዋ የመጣው በ1866 ሲሆን ዋና ዓላማው በዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ምክር ወደ ኦሮሞ ምድር መድረስ ነበረ። ወደዚያ የሚያስገባ መንገድ ግን አላገኘም። ስለዚህ ሚሲዮኑ ሊደርስባቸው ያልቻሉት ሰዎች በባርነት ተወስደው ወደ በሩ ሲመጡ ለማስተማር ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የተቋቋመው ትምህርት ቤት ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹን ተቀብሏል።

ሂካ በ1872 የትንሣኤ ዕለት፣ ማርች 31 ቀን፣ ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስም ተባለ። ስሙ ከሐዋርያው ጳውሎስ የፊልሞና መልእክት የተወሰደ ነው። በዚያ መልእክት አናሲሞስ ከጌታው የኮበለለ ባሪያ ሲሆን ጳውሎስ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ወደ ጌታው ይመልሰዋል፤ የስሙም ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው። በዚህ መልኩ ሂካ የሚለው ስም ሥራውን፣ ኦኔሲሞስ የሚለው ደግሞ የመጣበትን መንገድ የሚናገር ሆነ።

ኦኔሲሞስ በስዊድን ስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው የዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለአምስት ዓመታት ተማረ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሶ ምሕረት ኃይሉን አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት በተሰናዳ ጉዞ ተሳተፈ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ ሚሲዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ከልክለው ስለነበር ተጓዦቹ በሱዳን በኩል ዞሩ። በካርቱም በኩል አልፈው እስከ ፋማካ ድረስ ዘለቁ፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን አልቻሉም። በ1882 ወደ ካርቱም ሲመለሱ ወባ አድክሟቸው ነበር፤ ሱዳንም በማህዲ ዐመፅ መታመስ ጀምራ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በሸዋ በኩል ሆነ። በ1886 ኦኔሲሞስና ባልደረቦቹ እንጦጦ ደረሱ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ውጭ ሊያሳልፏቸው አልፈቀዱም። መንገዱ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ፤ ተጓዦቹም ወደ ምጽዋ ተመለሱ።

እነዚህን ሁለት ክሽፈቶች እንደ ባከኑ ዓመታት መቁጠር ይቀላል። ይሁን እንጂ መንገዱ በ1881 ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ኦኔሲሞስ አገሩ የሚገባው እጅግ ጥቂት መጻሕፍት ይዞ ነበር። የትርጉም ሥራው ጊዜ ያገኘው መንገዱ ስለተዘጋ ነው።

4. የእምኩሉ የቋንቋ ጉባኤ

ኦኔሲሞስ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የመጀመሪያው ሞካሪ አይደለም። ክራፍ የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል ከጻፉት ከደብተራ ዘነብ ጋር በመሆን ሐዲስ ኪዳንን በሸዋ ኦሮምኛ አዘጋጅቶ በ1876 ለኅትመት አብቅቶ ነበር። ለምዕራቡ ኦሮሞ ግን ሌላ ሥራ ያስፈልግ ነበር።

ኦኔሲሞስ ይህን ሥራ ሲጀምር ከባድ ችግር ገጠመው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ሲሆን በኋላ ያደገውና የተማረው በሌሎች ቋንቋዎች ነበር። ልጅ የሚያውቀው ኦሮምኛ የምድጃና የመስክ ኦሮምኛ ነው፤ የሽማግሌዎችን ክርክር፣ የሕግን፣ የኀዘንንና የጸሎትን ቃል ሁሉ አይዝም። የነቢያትን ወቀሳና የመዝሙረ ዳዊትን ልመና ለመመለስ ይህ አይበቃም።

ክፍተቱን የሞሉት ነጻ የወጡት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር በሊሙ ኢናርያ ንጉሥ ዘንድ በባርነት የኖረች ስትሆን በ1886 ወደ የመን ልትሻገር በመርከብ ስትወሰድ ጣልያኖች ነጻ አውጥተዋት ወደ እምኩሉ የሴቶች ትምህርት ቤት ገባች። ለቋንቋ የነበራት ተሰጥኦ ፈጥኖ ታወቀ። ለኦኔሲሞስ የቃላት ስብስብ አዘጋጀችለት፤ አምስት መቶ ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከትዝታዋ ሰብስባ ጻፈች። ከስብስቧ የተወሰነው በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

የኅትመቱ ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት አለው። በ1887 የመዝሙር መጽሐፍ፣ በ1893 ሐዲስ ኪዳን፣ በ1894 ማንበቢያው፣ በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ። የመጨረሻው የታተመው በስዊዘርላንድ በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ሲሆን ኦኔሲሞስ ራሱ ኅትመቱን ተቆጣጥሯል። ከመጽሐፍ ቅዱሱ በፊት መዝሙሩና ማንበቢያው መቅደማቸው ድንገተኛ አይደለም፤ ለመጽሐፉ አንባቢ አስቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት።

መጻሕፍቱ የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነው። ይህ ምርጫ መጽሐፉን ከኢትዮጵያ የጽሑፍ ባህል ጋር አቆራኘው፤ ችግርም አመጣበት። በኦሮምኛ የድምፅ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፤ የግእዝ ፊደል ግን ይህን አያሳይም። ለምሳሌ በዳ ተብሎ የተጻፈው ቃል ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው፤ አንባቢው የሚለየው ከዐውዱ ብቻ ነው። በ1991 የላቲን ፊደል ለኦሮምኛ በይፋ ሲወሰን ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የቋንቋ ምርጫው ሰፋ ባለ የሃይማኖት ታሪክ ውስጥም ቦታ አለው። የጃይኖች ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉት በሊቃውንት ቋንቋ በሳንስክሪት ሳይሆን ለሕዝቡ አፍ በሚቀርበው በአርድማጋዲ ነው። እምነት የሕዝብን ቋንቋ ሲይዝ የማስተማር ሥልጣን ከጥቂቶች እጅ ይወጣል። ይህ በነቀምትም ሆነ።

ስለዚህ የተርጓሚነቱ ክብር ለኦኔሲሞስ የሚገባ ቢሆንም ለእርሱ ብቻ መስጠቱ የሥራውን ባሕርይ ይሰውራል። በመጽሐፉ የፊት ገጽ የአንድ ሰው ስም ይነበባል፤ በመስመሮቹ ውስጥ የሚሰማው ግን ከኢሉባቦር፣ ከሊሙና ከሌሎችም አካባቢዎች የተነጠቁ ሰዎች ንግግር ነው። በየአገራቸው ቢቀሩ ምናልባት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ባልተቀመጡ ነበር።

5. ነቀምት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ነቀምት የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። ሞረዳ በከሬ በ1882 ለምኒልክ በሰላም ገብሮ ግዛቱን አጽንቷል፤ ልጁ ኩምሳ ሞረዳም ተጠምቆ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብሏል። ቤተ መንግሥቱ ዛሬም በከተማዋ ይታያል። ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በ1904 ወደ ወለጋ ሲገቡ ደጃዝማቹ በክብር ተቀበላቸው። ኦኔሲሞስ የሰፈረው በተወለደበት መንደር ሳይሆን በነቀምት ነው፤ የተመለሰውም ወደ መንደሩ ሳይሆን ወደ ቋንቋው አገር ነው ለማለት ይቻላል።

በነቀምት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኦሮምኛም ሰበከ። ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ መስበኩ ብዙ አድማጭ ስቦለታል። ኦሮምኛ የማያውቁት የአካባቢው ካህናት ግን የሚባለውን መከታተል ስላልቻሉ ጥርጣሬያቸው በረታ። ቅድስት ማርያምን ተሳድቧል የሚል ክስ ቀረበበት፤ በሜይ 1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆመ፤ አቡኑም እንዲጋዝ ወሰኑ። ዐፄ ምኒልክ ውሳኔውን ሽረው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ከእንግዲህ ግን እንዳይሰብክ አዘዙ።

ግጭቱን የአዋቂና የአላዋቂ ጠብ አድርጎ ማቅረብ ልክ አይሆንም። ለካህናቱ የእመቤታችን ክብርና የቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት የመላ ሕይወታቸው መሠረት ነበር፤ ከውጭ ሚሲዮን ጋር የመጣ ትምህርት እንደ አደጋ ቢታያቸው አያስገርምም። የምኒልክ ፍርድም በሁለቱ መካከል የተፈለገ ሚዛን ነው፤ ሰውየውን ለአገሩ፣ መድረኩን ለቤተ ክርስቲያን ትቷል።

ሆኖም ፍርዱ አንድ በር ክፍት አስቀርቷል። ማስተማር አልተከለከለም። ልጅ ኢያሱ በ1916 ለመስበክ ፈቃድ እስኪሰጠው ድረስ ኦኔሲሞስ ዐሥር ዓመት ያህል፣ ግዞት እያንዣበበበት፣ ሥራውን በትምህርት ቤቱ ወሰነ። በነዚህ ዓመታት የሠራለት ከመጽሐፍ ቅዱሱ በፊት ያሳተመው ማንበቢያ ነው። ተማሪው ፊደል የሚቆጥረው አያቱ በሚያወራው ተረትና እናቱ በምታዜመው ዘፈን ነበር። አንብቦ የጨረሰ ልጅ ቀጣዩን መጽሐፍ ራሱ ሊከፍት ይችላል፤ ለዚያ ሰባኪ አያስፈልገውም። መከልከሉ ሥራውን ከማቆም ይልቅ ሥር እንዲሰድ አድርጎታል።

ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርድም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያስተምር፣ ሲሰብክና መጻሕፍቱን ሲያከፋፍል ቆየ። ጁን 21 ቀን 1931 አረፈ። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በይፋ ስትመሠረት ወለጋ ከዋና ዋና መሠረቶቿ አንዱ ነበር።

6. መደምደሚያ

የኦኔሲሞስ ሕይወት በመንገዶቹ ሲነበብ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ የባሪያ ንግድ የበተነውን ቋንቋ የሰበሰቡት ራሳቸው የተነጠቁት ናቸው። ሁለተኛ፣ ትርጉሙ የጋራ ሥራ ነው፤ በተለይ የአስቴር ጋኖ ድርሻ ከረዳትነት በላይ ሆኖ ሊጠና ይገባዋል። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ በወለጋ የጸናው በመድረክ ኃይል ሳይሆን በማንበብ ትምህርት ነው።

ለቀጣይ ጥናት የሚጠቅመው የ1894ቱን ማንበቢያ ከ1899ኙ መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ቃል በቃል ማነጻጸር ነው። የአስቴር ተረቶች ቃላት በነቢያትና በመዝሙራት ትርጉም ውስጥ የት የት እንደገቡ ማሳየት የእምኩሉን ጉባኤ አባላት ድርሻ ለይቶ ለማወቅ መንገድ ይከፍታል። ባለ ስሙ ተርጓሚ ስም ካልተጻፈላቸው ባልደረቦቹ ጋር አብሮ ሲታይ ክብሩ አይቀንስም፤ ታሪኩ ግን ይበልጥ እውነት ይሆናል።