አስቴር ጋኖ

አንድ መጽሐፍ ስትገልጡ ዓይናችሁ በቅድሚያ የሚያርፈው በመጀመሪያው ገጽ ላይ በታተመው ስም ላይ ነው። ቃላቱን የለቀመው፣ ረቂቁን ያቃናው፣ ሐረጉ ለባለቋንቋው ጆሮ እንዳይጎረብጥ የደከመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ በዚያ ገጽ ላይ አይገኝም። ከዚህ በታች ታሪኳን የምታነቡት አስቴር ጋኖ ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ናት። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ከነጻ ወላጆች ብትወለድም የሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በዚያ ዘመን ከምዕራብና ከደቡብ ኢትዮጵያ ለሽያጭ የሚጋዙ ሰዎች የሚያልፉበት መንገድ ከአንድ በላይ ነበር። አንዱ በመተማ ገበያ በኩል ወደ ሱዳን ቆላ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ አምርቶ በጀልባ ወደ ዐረብ ምድር ይሻገራል። የአስቴር ዕጣ በባሕሩ መንገድ ሆነ። ይሁን እንጂ በ1886 እርሷን የጫነው ጀልባ ከዐረብ ጠረፍ ሳይደርስ በጣሊያን መርከቦች ተያዘ። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። አስቴርም ነጻ ወጥታ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች።

ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ገደማ ነበር፤ ይህም ከእናንተ ዕድሜ እምብዛም አይርቅም። ዘመድ የላት፣ ጥሪት የላት፣ አገሯም ሩቅ ነው። ይዛው የመጣችው ሀብት ቢኖር ቋንቋዋ ብቻ ነበር። ይህ ሀብት ምን ያህል ውድ እንደ ነበር ለመረዳት ግን በዚያው በእምኩሉ ይሠራ የነበረውን የኦኔሲሞስ ነሲብን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል።

ኦኔሲሞስ በኢሉባቦር ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ የተሸጠ ሰው ነው። በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በኋላም ስዊድን ሄዶ ተማረ። ዓላማው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ነበር። ነገር ግን ከእናቱ ጉያ በልጅነቱ የተነጠቀ ሰው የቋንቋውን ጓዳ ሁሉ ከየት ያውቀዋል? ስለ እርሻ፣ ስለ ቤት ዕቃ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ሠርግ የሚነገሩት ቃላት ጎደሉት። በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ሞክሮ ሳይሳካለት ተመልሷል። እንግዲህ እርሱ ሄዶ ሊያገኘው ያልቻለው ቋንቋ በአንዲት ልጃገረድ አንደበት ወደ እምኩሉ መጣ ማለት ነው። ኦኔሲሞስም ተሰጥኦዋን ለማስተዋል ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ኃላፊነት ሰጣት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ጽሑፉ የሚዘጋጀው በግዕዝ ፊደል ነበር። ይህ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። በአማርኛ «ገና» ላልቶ ሲነበብ የጊዜ መግለጫ፣ ጠብቆ ሲነበብ የበዓል ስም መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ኦሮምኛም እንዲሁ በመጥበቅና በመላላት ፍቺያቸው የሚለወጥ ብዙ ቃላት አሉት። ከዚህም በላይ በግዕዝ የማይታወቅ ድምፅ አለው፤ «ዸ» የተባለው ፊደል በኦሮምኛ ጽሑፍ ያገለገለው ለዚህ ድምፅ ነው። ስለዚህ የቃሉን ትክክለኛ አነጋገር የሚያረጋግጥ ጆሮ የግድ ያስፈልግ ነበር።

የአስቴር የቃላት ስብስብ መጀመሪያ ያገለገለው በ1893 የታተመውን የሐዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት ነው። ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። እርሷ ግን በዚህ አላበቃችም። እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን እያስታወሰች 500 ያህል ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። በእኔ አስተያየት ከሥራዎቿ ሁሉ የላቀው ይህ ነው። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን የሚያነበው ከባዕድ አገር የመጣ ታሪክ ሳይሆን ምድጃ ዳር የሰማውን እንቆቅልሽ ሲሆን፣ ንባብ ከቤቱ የወጣ እንጂ ከውጭ የተጫነበት ነገር አይመስለውም። አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ተርጉማለች፤ በኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ ዝግጅትም ተካፍላለች።

ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። በመጽሐፉ ላይ በተርጓሚነት የተጠቀሰው ኦኔሲሞስ ነው። እርሱ የብዙ ዓመታት ድካሙን ማንም ሊነፍገው አይችልም፤ የአስቴር ድርሻ ግን የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት ቀረ። በዚያ ዘመን የአንዲት ሴት፣ ያውም ከባርነት የወጣች ወጣት፣ ስም በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ እንዲወጣ ያሰበ ሰው ስለ መኖሩ የሚያመለክት ነገር የለም።

በ1904 አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ከኤርትራ ወደ ወለጋ ተመለሰች። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፍቶ መምህርት ሆነች። ለዓመታት በባዕድ ጠረፍ ተቀምጣ በትዝታ ስትለቅመው የኖረችውን ቋንቋ አሁን በእናቶቻቸው ቤት የሚናገሩት ልጆች ከፊቷ ተቀመጡ። ያረፈችው በ1964 ሲሆን ዕድሜዋ ከዘጠና ዓመት በላይ ነበር። በወጣትነቷ ከጻፈቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ብዙዎቹ ለኅትመት ሳይበቁ፣ በአንድ የስዊድን ቤተሰብ እጅ ተጠብቀው ቆዩ።